በጉቴ ጫካ ያየሁት እኔ ነኝ

ባለቤቴን የቀበርን ዕለት የሕይወት ታሪኩ ሲነበብ፣ «ገና ተማሪ ሳሉ በጉቴ ጫካ በአንድ ቀን ሠላሳ አንድ ዓይነት ወፍ፣ ቢራቢሮና ጢንዚዛ ለይተው መምህራቸውን ያስደነቁ» የሚል ሰማሁ። ብድግ አልኩ። ሴቶቹ ኀዘን ያነሣኝ መስሏቸው «አይዞሽ፣ አዴ ጫልቱ» እያሉ ይዘው አስቀመጡኝ። ያነሣኝስ ንዴት ነበር።

በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ ነቀምቴ ስምንተኛ ክፍል ነበርን። ሰኔ ገብቶ ትምህርት ሊዘጋ ሲል መምህራችን በጭነት መኪና ወደ ጉቴ ወሰደን። ብዙ ዓይነት ወፍና ነፍሳት የመዘገበ አንድ ተማሪ ለሁለተኛ ደረጃ አዲስ አበባ ይላካል ተብሏል። አባቴ ደግሞ፣ «ከተመረጥሽ ትሄጃለሽ፤ ካልተመረጥሽ ትምህርቱ እዚህ ላይ ይበቃሻል» ብሎኛል።

መምህሩ የመመዝገቢያ ወረቀቱን ለወንዶቹ፣ የጭኮና የቆሎ አገልግሉን ለሴቶቹ አደለ። ሁለት ሁለት አድርጎ ሲመድበን እኔ ከገመቹ ጋር ሆንኩ።

«የእኔንም ስም ጻፍ» አልኩት።

«እሺ፣ መጀመሪያ ወፎቹን» አለ።

አገልግሉ ስለከበደኝ ከሌሎቹ ወደ ኋላ ቀረን። መሬቱ ርሷል፤ የበሰበሰ ቅጠል ይሸታል። ገመቹ ፊቱ የቆመች ላም የማያይ ልጅ ነበር። ዋንዛው ላይ አረንጓዴ ወፍ አሳየሁት።

«የቱ ነው? ቅጠል እኮ ነው።»

«ቅጠል ዓይን አለው? ማሎ፣ እባክህ ያንተን ዓይን ለማን አከራየኸው?»

ወፉ ሲነሣ የክንፉ ውስጥ ደም መሰለ። አህያ የሸናበት ጭቃ ላይ የሰፈሩ ሰማያዊ ቢራቢሮዎች፣ እበት የሚያንከባልል ጢንዚዛ፣ ጭራሮ መስላ የቆመች ፌንጣ፤ እኔ ጣቴን ስቀስር እሱ ይጽፋል። ደስ ብሎኝ ነበር። እስካሁን የሚያበግነኝ ያ ደስታዬ ነው።

ለምሳ ስንቀመጥ መምህሩ ወረቀቶቹን አየ።

«ጎበዝ፣ ገመቹ! ይህን ሁሉ ራስህ ነህ ያየኸው?»

ገመቹ አየኝ። ከዚያ፣ «አዎ፣ ቲቸር» አለ።

«ያሳየሁት እኔ ነኝ!» ብዬ ጮኽኩ።

«አንቺማ ምግብ ያዥ ነሽ፤ ይልቅ ጭኮውን አምጪ» አለ መምህሩ። ሁሉም ሳቁ።

ገመቹ አዲስ አበባ ሄደ፤ እኔ እቤት ቀረሁ። ከዓመታት በኋላ መምህር ሆኖ ተመልሶ ሽማግሌ ላከብኝ። እሺ ያልኩት እወደው ስለነበር ነው፤ ደግሞም አንድ ቀን ይቅርታ ይጠይቀኛል ብዬ። አልጠየቀኝም። ደግ ባል ነበር፤ እጁን አንሥቶብኝ አያውቅም። ግን በመንገድ ስንሄድ «ጫልቱዬ፣ ያቺ ወፍ ማን ናት?» ይለኛል፤ የነገርኩትን በማግሥቱ ለተማሪዎቹ ያስተምራል። እኔም ዝም አልኩ፤ ነገ ይናገራል እያልኩ።

ልጆቼ «የሞተ ሰው አይወቀስም፣ እማዬ» ይሉኛል። እኔ ግን እወቅሰዋለሁ። ያን ቀን በጉቴ ጫካ ሁሉንም ያየሁት እኔ እንደሆንኩ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሱንም ቀበርነው።