ሳይተኛ አይለቀቅም

ጅማ ውስጥ ሰው ቅዳሜና እሁድን በብዙ መንገድ ያሳልፋል። አንዱ ሰርግ ይሄዳል፣ አንዱ ለቅሶ ይደርሳል፣ ሌላው ጫቱን ይዞ በቾ ቦሬ ሰፈር ከጓደኞቹ ጋር ይቀመጣል። እኛ አራታችን ደግሞ ክንፍ ጭነን ከጅማ ወጣ ብላ ወዳለችው ሸቤ፣ ወደ ኮረብታው እንሄዳለን። ባለቤቴ «እናንተ ሰዎች ጤነኞች አይደላችሁም» ትላለች፤ አልከራከራትም። የጅማው መርካቶ አጠገብ ባለችው ፋርማሲዬ ሳምንቱን ሙሉ የሰው ሳል ስሰማ ነው የምውለው። ቅዳሜ ሲደርስ ከፍ ያለ ቦታ ያምረኛል።

ክንፉ ሞተር የለውም። ቧንቧና ሸራ ነው፤ ሲታጠፍ ረጅም ጥቅል ይሆናል፣ ሲዘረጋ ከአንድ ክፍል ቤት ይሰፋል። ሰውየው ከሥሩ በሆዱ ተንጠልጥሎ ይበርበታል። ገላን የሚያቅፈውን ልብስ እኛ ጆንያ ነው የምንለው፤ ስሙን ያወጣለት ቡና ነጋዴው ጓደኛችን ነው። ጆንያው ከጀርባው ወፍራም ማሰሪያ አለው፤ ማሰሪያው ጫፍ ላይ መንጠቆ አለ። መንጠቆው ክንፉ ላይ ከተሰካ ሰውና ክንፍ አብረው ይሄዳሉ። ካልተሰካ ክንፉ ይሄዳል፣ ሰውየው ይቀራል።

ሕጋችን የመጣው ከዚህ ነው። ሊበር የተዘጋጀው ሰው ክንፉን ትከሻው ላይ ሲያነሳ፣ ሌላው ከፊት ቆሞ የክንፉን አፍንጫ ይይዛል። በራሪው በሆዱ ወደ ፊት ይተኛል። መንጠቆው ከያዘው አየር ላይ ይንጠለጠላል፤ ካልያዘው ሣሩ ላይ ይወድቃል፣ ይሳቅበታል፣ በዚያው ያልቃል። ሳይተኛ አፍንጫው አይለቀቅም። ከተኛም በኋላ መንጠቆውን በሆነ ምክንያት ከፈታ እንደገና ይተኛል።

ይህን ያስተማሩን ጋሼ ናቸው። ጡረታ የወጡ የመንገድ ቀያሽ ናቸው። ሁለቱን ክንፎች የተወላቸው ድሮ አብሯቸው የሠራ የውጭ አገር መሐንዲስ ነው፤ መብረሩንም ያስተማራቸው እሱ ነው። እኛን ሦስታችንን፣ ማለትም ቡና ነጋዴውን፣ ከወላይታ መጥታ ባንክ የምትሠራውን፣ እህታችን የምንላትንና እኔን፣ ከኮረብታው አፋፍ ላይ የሸኙን እሳቸው ናቸው። እኔ አንድ ጊዜ ቸኩዬ ሳልተኛ «ልቀቁኝ» ብያቸው «አንተ ማነህና ነው መሬት የምትጸየፈው?» ብለው ጮኹብኝ። ከዚያ ወዲህ መሬት ተጸይፌ አላውቅም።

ያን ቅዳሜ ነጋዴው ፒክአፑን ይዞ በጠዋት ሰበሰበን። መንገድ ላይ ጋሼ «ቀዩን ጨርቅ ይዘናል?» ብለው ጠየቁ። ነፋሱን የምናይበት፣ እንጨት ላይ የሚታሰር ጨርቅ ነው። ይዘናል አልናቸው። ትንሽ ሄድ ብለን ደግመው ጠየቁ። ሸቤ ልንገባ ስንል ደግሞ ጠየቁ። የባንኳ እህታችን «ይዘናል አባቴ» አለች፣ ልክ ገና አሁን እንደተጠየቀች ሆና። እኔ መስኮቱን ነበር የማየው። ደስ አላለኝም፤ ግን ሽማግሌ ነገር ይደጋግማል ብዬ አለፍኩት።

ኮረብታው ላይ ጋሼ ናቸው ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚበሩት። ማዕድ ላይ ታላቅ ሳይጀምር እጅ እንደማይሰደድ ሁሉ፣ እሳቸው ሳይበሩ ማናችንም አንበርም። ነጋዴው አፍንጫውን ያዘ። ጋሼ ተኙ፤ ደህና ተንጠለጠሉ። ከዚያ ነፋሱ ዞረ። ጠበቅን። ጋሼ ክንፉን አስቀምጠው መንጠቆውን ፈቱ፤ ጨርቁ ወደ ቆመበት ሄደው እንጨቱን አቃኑና ተመለሱ። ነፋሱ ፊቱን ወደ እኛ ሲመልስ ክንፉን አነሡና «ልቀቅ!» አሉ።

ነጋዴው ለቀቀ።

ሮጡ፤ ክንፉ ተነሣ፣ እሳቸው ግን በእጃቸው ብቻ ነበር የተንጠለጠሉት። መንጠቆው ከጀርባቸው ሲወዛወዝ አየሁት። ጮኽኩ፤ ምን እንዳልኩ አላስታውስም። እግዚአብሔር ሲጠብቃቸው ክንፉ ከመሬት ሳይርቅ ለቀቁት፤ ተንከባለው ከቡናው አጥር ጥግ ተወሸቁ። ክንፉ ብቻውን ትንሽ ሄዶ በአፍንጫው ተተከለ፣ አንዱ ቧንቧ ተጣመመ። ስንደርስ ክንዳቸው ተልጦ፣ ቆባቸው ዞሮ፣ ቁጭ ብለው ነበር።

«ነፋሱ ከዳዎት ጋሼ» አለ ነጋዴው፣ እያለከለከ።

«ነፋሱ ነው፤ ጌታ ይባረክ፣ ተረፉ» አለች እህታችን።

«ነፋሱ ነው» አሉ ጋሼም።

ሁለቱም መንጠቆውን አይተውታል። እኔም ደሜ ፈላ፤ ሰውየው ደም እየፈሰሳቸው ግን በዚያች ሰዓት ልጣላ አልቻልኩም። ዕቃውን ሰብስበን ሸቤ ወረድን።

ጋሼን እንቅልፍ እንደወሰዳቸው አልጋ በያዝንበት ቤት ግቢ ውስጥ ሁለቱን ያዝኳቸው።

«ለምን እንደገና ይተኙ አላልካቸውም?» አልኩት ነጋዴውን።

«ወላሂ አፌ ላይ መጥቶ ነበር» አለ። «ግን ቀድመው ተኝተው ተነሥተው ነበር። ያን የሚያህል ሰው፣ ገበሬው ሁሉ ከብቱን ይዞ ቆሞ እያየ፣ እንደገና በሆድዎ ይተኙ ልበላቸው? አባቴን እንዲህ ብዬ አዛለሁ?»

«ሊሞቱ ነበር እኮ!»

«ነበር» አለ። «አልሃምዱሊላህ።»

እህታችን እጇን ደረቷ ላይ አጣጥፋ ነበር። «እኔ አስቀድሜ ነው ያወቅኩት» አለች። «ባለፈው ባንክ መጥተው ጉዳያቸውን ጨርሰው ወጡ፤ ወዲያው ተመልሰው ደግሞ ተሰለፉ። ምንም አላልኳቸውም። ምን ይባላል?»

እኔ ቁጡ ሰው ነኝ፤ የሚያውቀኝ ያውቀዋል። ይህን ይሉኝታችሁን ቀቅላችሁ ብሉት አልኳቸው። ሰው እስኪሞት ታከብራላችሁ፣ ከዚያ ለቅሶ ላይ ነፋሱ ነው ትላላችሁ አልኳቸው። ነጋዴው አንገቱን ደፋ፣ እህታችን አለቀሰች። ነገ አፍንጫውን የምይዘው እኔ ነኝ ብዬ ገባሁ።

እሁድ ሰማዩ ጠርቷል፣ ጨርቁ ወደ እኛ ተዘርግቷል። ጤነኛው ክንፍ ተገጠመ። ጋሼን ቢያርፉ ይሻላል ለማለት እህታችን ሞክራ «የምን ዕረፍት?» ተባለች። ጆንያውን ለበሱ፣ ቆባቸውን አጠለቁ። ከትናንቱ ገበሬዎች አንዱ ከላሞቹ ጋር መጥቶ «ኦቦ፣ ሱታ!» አላቸው፣ ቀስ ይበሉ ማለቱ ነው። ሳቁና እጃቸውን አነሡለት። ክንፉን ትከሻቸው ላይ አድርገው ተነሡ። እኔ አፍንጫውን ይዣለሁ፤ ከፊት ሆኖ ጀርባ አይታይም።

«ልቀቅ።»

«መጀመሪያ ይተኙ ጋሼ።»

«አሁን ተኛሁ እኮ።»

አልተኙም ነበር። የተናገሩት ግን ውሸት ለመናገር አልነበረም፤ ዓይናቸው እንደ ሁልጊዜው ቀጥ ያለ ነው። 

«እንደገና ይተኙልኝ።»

«ልቀቅ ብዬሃለሁ! ነፋሱ ሊያልፍ ነው።»

«አልለቅም።»

«ወንድሜ፣ ተዋቸው በቃ» አለ ነጋዴው ከጎን፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አልለቅም አልኩ።»

ጋሼ ተቆጡ።  «መሬት አልጸየፍም!» አሉና፣ እንካ እንግዲህ እንደማለት፣ ሙሉ ገላቸውን ወደ ፊት ጣሉት።

የያዛቸው ነገር አልነበረም። በደረታቸው ወረዱ፤ ቆባቸው ሣሩን መታው። ገበሬው «ያ ረቢ!» አለ።  ክንፉን እኔና ነጋዴው ደግፈን ያዝነው፤ እሳቸው ከሥሩ እንደተደፉ ናቸው። የሳቀ የለም።

ቀና ሲሉ ከአፍንጫቸው ደም ይወርዳል። መጀመሪያ ያዩት መንጠቆውን ነው፤ ጎትተው ወደ ፊት አምጥተው አገላብጠው አዩት። ከዚያ እኛን አንድ በአንድ አዩን።

«ማን ነው የፈታኝ?» አሉ።

እህታችን ፊቷን አዞረች። ነጋዴው ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ አየሁት፤ «እኔ ነኝ የፈታሁዎት» ሊል እንደሆነ ገባኝና ቀደምኩት።

«ማንም አልፈታዎትም ጋሼ» አልኩ። «አልሰኩትም ነበር። ትናንትም አልሰኩትም። ነፋሱ አይደለም።»

 ሣሩ ላይ ተቀምጠው ጆንያውን አወለቁ። እኔ ትክክል እንደሆንኩ አውቃለሁ፣ አሁንም አውቃለሁ። ግን ፊታቸውን ባላይ እመርጥ ነበር። እንዲያ ያለ ፊት ያየሁት የራሴ አባት የምርመራውን ውጤት ሲሰማ ብቻ ነው።

ከዚያ ክንፉን ራሳቸው አጣጠፉት። እንርዳዎት ስንል እጃቸውን አወዛወዙ። ሸራውን የሚወጥሩትን ዘንጎች እየመዘዙ በየተራቸው ደረደሩ፣ ሸራውን ጠቀለሉ፣ ማሰሪያውን አጠበቁ፤ አንዲት ነገር አልተሳሳቱም። እጃቸው ሁሉንም ያውቃል። ነፋሱ እስከ ቀትር ሳይዞር ቆየ፤ ማናችንም አልበረርንም።

ሸቤ ለምሳ ተቀመጥን። ጋሼ ፊታቸውን ታጥበዋል። ጥብሱ መጥቶ የመጀመሪያውን ጉርሻ ጎረሱና ዞር ብለው አዩኝ፤ ደስ ብሏቸው ነበር።

«እህ፣ ዛሬ እንዴት በረርኩ?»

ነጋዴው ከጠረጴዛው በታች ጉልበቴን ያዘ። እጁን አስለቀቅኩት። ኮረብታው ላይ የተናገርኩትን ምሳ ላይ የምክደው ለምንድን ነው? ያንኑ ሁሉ ከመጀመሪያው ነገርኳቸው፤ መንጠቆውን፣ ትናንትን፣ ከእንግዲህ መብረር እንደሌለባቸው። ያ ፊት ተመልሶ መጣ፣ ያው፣ ምንም ሳይጎድል። ለእኔ ሁለተኛ ጊዜ ነው፤ ለእሳቸው ገና መጀመሪያው ነበር። ጥብሱን ማንም ሳይጨርሰው ተነሣን።

ለልጃቸው ነገርኳት፤ ሐኪም ዘንድ ወሰደቻቸው፤ ሐኪሙ ለመርሳታቸው ስም ሰጠውና የሚዋጥ ነገር አዘዘ። መድኃኒቱን እኔው ነኝ የምሸጥላት። ምን ያህል እንደሚረዳ እኔም አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች፤ አናነሣውም።

ቅዳሜ ጠዋት ግን ጋሼ ይደውሉልኛል። ቀኑን አይስቱም። «ነፋሱ እንዴት ነው?» ይላሉ። የመጀመሪያው ቅዳሜ እውነቱን ነገርኳቸው፤ ከእንግዲህ አይበሩም አልኳቸው። «ምን አጥፍቼ?» አሉኝ። ከመጀመሪያው አስረዳኋቸው። በሳምንቱ ደወሉ፤ እንደገና ነገርኳቸው፤ እንደገና «ምን አጥፍቼ?» አሉ፣ በዚያው ድምፅ። ስልኩን ዘግቼ ከመድኃኒት መደርደሪያው ኋላ ገብቼ አለቀስኩ።

በሦስተኛው ቅዳሜ ሲደውሉ የፋርማሲው በር ላይ ቆሜ ነበር። ከማዶ ያለው ጨርቅ ሻጭ የሰቀላቸው ነጠላዎች ሁሉ ወደ አንድ ወገን ተዘርግተዋል። ከዚያ የተሻለ ነፋስ አይገኝም።

«ነፋሱ እንዴት ነው?» አሉ።

«ዛሬ ነፋሱ ጥሩ አይደለም ጋሼ» አልኳቸው።

«አይ! እንግዲህ ለሳምንት ነዋ» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ምንም ሐዘን አልነበረም።

በዚያች ሰዓት ነጋዴው ክንፉን ጭኖ መጥቶ ደጄ ላይ ክላክስ አደረገ፣ ረጅሙን።

«መኪናው ነው እንዴ?» አሉኝ።

«ባጃጅ ነው ጋሼ» አልኳቸው።