ቀይ ናስትሮ ያለበት አይነካም

ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል። አባቴ አርባ ዓመት ሙሉ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሆኖ ሲኖር አንድም ቀን ኮረንቲ ይዞት አያውቅም። ምስጢሩን ሲጠይቁት ከኪሱ ሽቦ የሚለይበትን ባለ ቀለም ማጣበቂያ፣ ናስትሮ ያወጣል፤ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ቀይ። የሥራ ባልደረቦቹ «ባለ ናስትሮው» ይሉት ነበር። እኛ ልጆቹም ስንስቅበት ነው ያደግነው።

እማዬ ሳንባዋን ታማ ከኦክስጅን ማሽን ጋር አልጋ ላይ መዋል ስትጀምር፣ ታናሽ ወንድሜ ቤቱን በስልክ በሚታዘዙ ሶኬቶችና አምፖሎች ሞላው። አባዬ አልተቃወመም። መሰላሉን አምጥቶ ሁሉንም በየሥራቸው እየለየ ናስትሮ ለጠፈባቸው። መብራት ቢጫ፣ የውሃ ፓምፕና ማሞቂያ ሰማያዊ፣ በርና ደወል አረንጓዴ። ቀዩን ለእማዬ ማሽንና መድኃኒቷ ለሚቀመጥበት ፍሪጅ ብቻ ሰጠ። «ቀይ ያለበት አይነካም» አለን፤ ሌላ ነገር አልጨመረም።

ወንድሜን ግን ናስትሮው አሳፈረው። «ይሄን የመሰለ ዘመናዊ ዕቃ ጋራዥ አስመሰልከው እኮ» ብሎ አንድ በአንድ ላጠው። ከዚያ ቀለሞቹን ስልኩ ላይ ባለው አፕ እንደ አዲስ ደለደለ። በእሱ አደላደል ቀይ ማለት ብዙ ኃይል የሚበላ ማለት ነው፤ ሰው ሁሉ ከቤት ሲወጣ ቀይ ቀዩ በራሱ ይጠፋል። ማሽኑም ኃይል ይበላልና ቀይ ሆነ። አባዬ መነጽሩን አድርጎ ስልኩን አየ፤ ማሽኑ ቀይ መሆኑን ሲያይ ልቡ አረፈ።

«ዋናው እሱ ነው፤ ቀይ መሆኑ» አለ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አባዬ መድኃኒት ሊገዛ ወጣ። እኔና ወንድሜ ሥራ ላይ ነበርን። እማዬ ስልክ የላትም። ያ የተረገመ ቤት ደግሞ ሰው የሚቆጥረው በስልክ ነው። የአባዬ ስልክ ከበሩ ራቅ እንዳለ ቤቱ ባዶ ነኝ ብሎ ቀዩን ሁሉ አጠፋ። ማሽኑ ሲጮህ የሰማው የለም።

አባዬ ሲመለስ እማዬ መስኮቱ ሥር ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ ከንፈሯ ጠቁሮ አገኛት። ያንን በስልክ የሚታዘዝ ሶኬት ከግድግዳው ላይ ነቅሎ ጣለውና ማሽኑን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰካው። ትንፋሿ እስኪመለስ ራሷን ደግፎ አብሯት ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ነው የደወለልን።

ከእኔ በኋላ ወንድሜ እያለከለከ ገባ። እናቱን አልጋዋ ላይ ሲያያት ትንሽ ተረጋጋና ማስረዳት ጀመረ።

«አባዬ፣ ሲስተሙ እኮ ስልክ ስላላገኘ ነው። ቤት ውስጥ ሰው የለም ብሎ ነው ያጠፋው።»

«ሰው የለም?» አባዬ ሲናደድ ድምፁ ዝቅ ይላል። «እናትህ ምንድን ናት?»

ደሜ ፈላ። በጥፊ ባጮለው ደስ ባለኝ። ግን ናስትሮው ሲላጥ እኔስ ቆሜ ስስቅ አልነበር?

አባዬ ቀዩን ናስትሮ ከኪሱ አውጥቶ ለወንድሜ ወረወረለት። «ለጥፍ» አለው።

ወንድሜ አንድ ቁራጭ ቀደደ። ሶኬቱ ተነቅሎ ወለሉ ላይ ወድቋል። የት እንደሚለጥፍ ግራ ገብቶት ክፍሉ መሃል ቆመ።

እማዬ ጭምብሉን ከአፏ ፈቀቅ አደረገች።

«ና፣ እኔ ደረቴ ላይ ለጥፈው» አለችው። «ምናልባት ቤትህ ከሰው ይቆጥረኝ ይሆናል።»