የመጀመሪያው ጥያቄ

መምህር ኑሪ ኮምፒውተር ያስተማረን ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር፣ ከልብስ ሱቆች በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለች ጠባብ ክፍል ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያስተማረው ከአንድ ኖት ነበር፤ እሱ ከአስተማሪው፣ አስተማሪውም ከሌላ ሰው ፎቶ ኮፒ ያደረገው። ከመደብዘዙ የተነሳ አንዳንዱን መስመር በእስክሪብቶ አድምቆታል። የመጀመሪያው ጥያቄ ሁልጊዜ ያው ነው፦ ኮምፒውተር ማለት ምን ማለት ነው? መልሱ ደግሞ የቃሉ ስምንት የእንግሊዝኛ ፊደሎች እያንዳንዳቸው የሌላ ቃል መነሻ ናቸው የሚል ዝርዝር ነው። ስምንቱንም ቃላት እንደ ውዳሴ ሸምድደናል። ምን እንደሆኑ የገባው ሰው ግን አልነበረም።

ሌንሳ አልሸመደደችም። የፉሪ ገበሬ ልጅ ናት፣ ዝምተኛ። በመጨረሻው ፈተና ላይ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ኮምፒውተር ድሮ የሰው መጠሪያ ነበር። ቁጭ ብለው በእጃቸው ሂሳብ የሚያሰሉ ሰዎች ኮምፒውተር ይባሉ ነበር። ቃሉ ከላቲን የመጣ ነው፤ ማስላት ማለት ነው።»

መምህር ኑሪ ወረቀቷን ለክፍሉ ጮክ ብሎ አነበበው። «ሰው ከሆነማ፣ እስቲ ተነሽና ፕሪንት አድርጊልን!» አላት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ። ሌንሳ በሁለት ነጥብ ወደቀች፤ ሰርተፊኬትም ቀረባት። ለቡ መብራት ኃይል ያለ አንድ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ሊቀጥራት የሚጠብቀው ያንኑ ሰርተፊኬት ነበር። ከዚያ ወዲያ አላየናትም።

ከሦስት ወር በኋላ፣ እኔ እዚያው ትምህርት ቤታችን ምዝገባ ላይ መሥራት ጀምሬ ሳለ፣ መምህር ኑሪ ያንን ዝርዝር በትልቁ አትሞ ግድግዳ ላይ ሊለጥፍ አሰበ። ከመለጠፉ በፊት ኢንተርኔት ላይ ሊያመሳክር ተቀመጠ። እያነበበ ሲሄድ ፊቱ ጠቆረ። ዝርዝሩ ሰዎች ኋላ የፈጠሩት ነው። ሌንሳ የጻፈችው ግን እዚያው ተቀምጧል። ኮምፒውተርን ፈረንሳዮች ሥርዓት አስያዥ፣ ቻይናዎች የኤሌክትሪክ አንጎል፣ ፊንላንዶች የእውቀት ማሽን እንደሚሉትም አነበበ።

«አሥራ አንድ ዓመት!» አለ፣ እጁን ራሱ ላይ ጭኖ። «ስንቱን ልጅ!»

ቤቷን የማውቀው እኔ ስለነበርኩ ቅዳሜ ጠዋት አብሬው ሄድኩ። ሰርተፊኬቱን ፈርሞ፣ ማህተም አድርጎ በፖስታ ይዟል። አባቷ አቶ ቀጄላ ገና ሲያዩት ኮፍያቸውን አወለቁ።

«መምህር፣ መምጣት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ» አሉ። «ከእርስዎ ተከራክራ እንደወደቀች ሰምቻለሁ። አስተማሪ እንድትደፍር አላሳደግኋትም። ሌንሳ! ነይ፣ እግራቸው ላይ ወድቀሽ ይቅርታ ጠይቂ!»

ሌንሳ ወጥታ ጎንበስ ስትል መምህር ኑሪ «ተይ፣ ተይ!» እያለ ወደ ኋላ ሸሸ።

«አቶ ቀጄላ፣ ልጅዎ ልክ ናት። ያላወቅኩት እኔ ነኝ። አፍሬያለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ።»

ፖስታውን በሁለት እጁ ሰጣት። ክሊኒኩ ሌላ ሰው መቅጠሩን የሰማነው ያን ጊዜ ነው። ሌንሳ ፖስታውን አልከፈተችም።

«ቲቸር» አለች ቀስ ብላ፣ «ያን ቀን የሳቀው እኮ አባቴ አይደለም። ይህን መስማት ያለባቸው የሳቁት ናቸው።»

ወደ እኔ ዞራ እንኳ አላየችም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሰኞ ዕለት መምህር ኑሪ የዚያን ጊዜ ተማሪዎቹን አንድ በአንድ ደውሎ ጠራ። ዘጠኝ ሰው መጣ። ሌንሳ አልመጣችም፤ እኔ ደውዬላት ስልኬን ድምፁን ከፍቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። መምህር ኑሪ የፈተና ወረቀቷን እንደገና፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበ። «የሳቅኩት እኔ ነኝ፤ ያሳቅኳችሁም እኔ ነኝ። ተሳስቼ ነበር» አለ። ማንም ቀና አላለም።

ወደ ስልኩ ተጠጋሁ። «ሌንሳ፣ እኔም ስቄያለሁ። ከሁሉም በላይ ጮክ ብዬ።»



«አውቃለሁ» አለች፣ «ድምፅሽን ለይቼው ነበር።»