ክኒኑን ላስቆም ካዛንቺስ ሄጄ

ረቡዕ ጠዋት ከጎተራ ኮንዶሚኒየም ስንነሳ ዓላማዬ አንድ ነበር፤ ዶክተሯን አሳምኜ የልጄን ክኒን ማስቆም። ሕይወት ትባላለች፤ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሥራ እየፈለገች ነው። ከሕፃንነቷ ጀምሮ የሳንባ ምች እንደ ዘመድ ሲመላለስባት ኖሯል። በቅርቡ ደግሞ ማንም ሳይነካት ሰውነቷ ይበልዝ፣ ጥርሷን ስትቦርሽ ድዷ ይደማ ጀመር። አብሯት የተወለደ የበሽታ መከላከል ጉድለት ነው ተባለ። የታዘዘላት ክኒን ግን ያንኑ መከላከያ የሚያዳክም ሆኖ አረፈው። እኔ ለገሃር ሻንጣ ስሸጥ ብዙ ጉድ አይቻለሁ፤ ለደከመ ሰው ማድከሚያ ሲሸጥ ግን አይቼ አላውቅም።

እስከ ኦሎምፒያ

ሚኒባሱ ጢም ብሏል። ሕይወት ማስኳን አድርጋ መስኮት ዳር ተቀመጠች። ከኋላችን አንድ ሰውዬ ሲስል መስኮቱን ከፈት አደረገችው።

«ኧረ ዝጊው የኔ ልጅ፣ ነፋስ ሊመታን ነው!» አሉ ከጎኔ የተቀመጡ እናት።

«እማማ፣ ትንሽ አየር ይግባ ብዬ ነው።»

«አየሩ አይደል እንዴ የሚገድለው!» አለ ረዳቱ፣ እሱ ግማሽ አካሉን በበሩ አውጥቶ።

መስኮቱ ተዘጋ። ሰውዬው በነፃነት ማሳሉን ቀጠለ። እኛም ኦሎምፒያ ወርደን ቀሪውን በእግር አዘገምን።

ካዛንቺስ

ካዛንቺስን በድሮ ትዝታው የሚፈልግ ሰው መንገድ ይጠፋዋል። አስፋልቱ ሰፍቷል፣ የብስክሌት መንገድ ወጥቶለታል፣ ችግኞቹ በሰልፍ ቆመዋል። ጥብስ የምበላበት ቤት ቦታ ላይ ሣር በቅሏል። ሣሩ ያምራል፤ ጥብሱም ያምር ነበር።

ክሊኒኩ ደርሰን ሕይወት ደም ሰጠች፤ ውጤቱ ሲመጣ ተጠራን። ዶክተሯ ረጋ ያለች ወጣት ናት። ወንበሩን ሳብ አድርጌ ድርድሬን ጀመርኩ።

«ዶክተር፣ የሱቄ ጥበቃ ከደከመብኝ ሌላ እጨምርበታለሁ እንጂ ያለውን አላስተኛውም።»

«ጥበቃዎ ደንበኛዎን ሌባ ነው ብሎ በዱላ ቢመታስ?»

ወንበሬን ወደ ኋላ መለስኩት። እሷ ቀጠለች።

«የመከላከያ ሴሎች ሲያድጉ ይሰለጥናሉ። የራስን አካል የሚያጠቃው ወይ ይወገዳል፣ ወይ ‹አቁም› የሚል መልእክት ይደርሰዋል። ሕይወት ጋ ይሄ መልእክት ከውልደቷ ጀምሮ በትክክል አይተላለፍም። ስለዚህ አንዳንዶቹ ሴሎች ሳይበስሉ ይቀራሉ፣ ጀርሙ ያልፋቸዋል። ሌሎቹ ደግሞ ደም እንዲረጋ የሚያደርገውን ፕላትሌቷን ይበሉታል። ድካሙም ጥቃቱም ምንጩ አንድ ነው።»

«ከማን ወረሰችው ታዲያ?» አልኩ፣ በልቤ የሚስቴን ዘመዶች እየቆጠርኩ።

«ከእናቷም ከእርስዎም ሊሆን ይችላል።»

«አባዬ፣ ውርሴን ወስጃለሁ በቃ፤ ሱቁን ለወንድሜ ስጠው» አለች ሕይወት።

«ዛሬ ብናቆመውስ?» አልኩ ደግሜ።

የዶክተሯ ፊት ተለወጠ። «ፕላትሌቷ ተመልሶ ከወረደ ጭንቅላቷ ውስጥ ሊደማ ይችላል።» ውጤቱን አዙራ አሳየችኝ፤ ቁጥሩ ከባለፈው ወጣ ብሏል፣ የሚፈለገው ላይ ግን ገና አልደረሰም።

«ቅናሽ የለም ማለት ነው?»

«አለ። ቀስ እያልኩ የምቀንሰው ግን እኔ ነኝ፣ እርስዎ አይደሉም። እስከዚያ የሚያስል ሰው አይጠጋት፣ አይሳማት። ካተኮሳት ሳያድሩ ይምጡ።»

በድርድር እንዲህ ተሸንፌ ደስ ብሎኝ ስወጣ የመጀመሪያዬ ነው።

መልስ

ቂርቆስ አንድ ምግብ ቤት ገባን። ሰው ስለበዛ በረንዳ ላይ ተቀምጠን ተጋቢኖ አዘዝን። ክኒኑ ምግብ ያስወድዳል መሰለኝ፣ የራሷን ጨርሳ ወደ እኔ ዞረች። ተውኩላት፤ ስትበላ ማየት ለኔ ምሳ ነበር።

ቤት ስንደርስ ሳሎኑ ሙሉ ነው። ታላቅ እህቴ እታገኝ የዕድሩን ሴቶች አስከትላ፣ ሙዝና ብርቱካን ይዛ ሕይወትን ልትጠይቅ መጥታለች። አንዷ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ትስላለች። ሁሉም ልጄን ሊስሙ እጃቸውን ዘርግተው ተነሱ። ሕይወትን ከኋላዬ አድርጌ በሩ ላይ ሁለት እጄን ዘረጋሁ።

«ማንም እንዳይስማት!»

«ምን ነካህ አንተ?» አለች እታገኝ። «ታሞ ያልተሳመ ሰው ምኑን ተጠየቀ? ደሞ ያን ክኒን አስቆምከው?»

«አላስቆምኩም እትዬ። ክኒኑ የሚያስተኛው የገዛ ደሟን የሚበላባትን ነው። እሱ ሲተኛ ደግሞ ጀርም የሚመክትላት ያንሳል። እስኪስተካከል በሯ ላይ የምንቆመው እኛ ነን።»

እታገኝ አኮረፈች። ከዚያ ወንበር አነሳች። «ተነሱ፣ ወደ ኮሪደሩ! አንቺ፣ ሳል ያለብሽ፣ ደረጃው ጋ!»

ሴቶቹ ወጥተው እስኪያልፉ ሕይወት ራቅ ብላ ቆማ ወደ መኝታ ቤቷ ገባች። መስኮቷ ወደ ኮሪደሩ ይከፈታል። እሷ ከውስጥ፣ ሴቶቹ ራቅ ብለው ከውጭ ሆነው ጨዋታው ደራ።

«አክስቴ፣ ሙዙ ግን ይግባ» አለች ሕይወት። «እሱ አያስልም።»

ብዙ አገር ዞሬ ዕቃ አምጥቻለሁ። ከጎተራ ካዛንቺስ ደርሼ ያመጣሁት ግን አንድ ነገር ነው፤ የሚወዱትን ሰው አንዳንዴ ከሩቅ መጠየቅ እንደሚያስፈልግ። ክኒኑን ራሴ በውሃ አቀበልኳት። ስትውጠው ኮሪደሩ በሙሉ፣ ማንም ሳይጠጋ፣ «እግዜር ይማርሽ!» አላት።