መከታ እና የፋሲካው ሙክት

እንዳላማው በአምበር ከተማ ዙሪያ የሚታወቀው በሁለት ነገር ነው፤ በበጎቹና በአፉ። ጎረቤቱ ስለሆንኩ ሁለቱም በየቀኑ ይደርሱኛል። በጎቹን እንኳ በአጥር እመልሳቸዋለሁ።

የዛሬ ሁለት ዓመት ቀበሮ በጠራራ ፀሐይ አራት ግልገል በላበት። ተናዶ ደብረ ማርቆስ ሄደና ጸጋው የሚባል የሚያውቀውን መምህር አማከረ። ሲመለስ ቡችላ ታቅፎ ነበር። የቱርክ አገር እረኞች የሚያራቡት፣ ካንጋል የሚሉት የበግ ጠባቂ ዘር ነው አለን። መምህሩ «ከበጎቹ ጋር ይዋል፣ ከበጎቹ ጋር ይደር» ብሎ አዞታል። እኛ ዘንድ ውሻ ቀን ታስሮ ይውልና ሲመሽ ይፈታል። እንዳላማው ግን ቡችላውን ጋጣ ውስጥ ከግልገሎች ጋር አሳደገው፤ ስሙንም መከታ አለው።

መከታ በዓመቱ ጥጃ አከለ። ጸጉሩ የስንዴ ገለባ ይመስላል፤ አፉና አፍንጫው ጥላሸት የተቀባ ነው። ቀበሮውም ከዚያ ወዲያ ድርሽ አላለም። እኛ ግን ይህን ከቁም ነገር አልቆጠርነውም፤ ውሻው አይጮኽማ! መንገደኛ ሲያልፍ አንድ ዓይኑን ገልጦ ያይና መልሶ ይተኛል። በግ አይነዳ፣ ዶሮ አያባርር። መሐላቸው ተጋድሞ ይውላል፤ ማመስኳት ብቻ ነው የቀረው።

«እንዳላማው፣ ይህን መቼ ነው የምትሸልተው?» እለዋለሁ።

ሚስቱ ሽታዬ ደግሞ የሚበላውን እያየች ትንገበገባለች። «አንተ ሰውዬ፣ ይኸን የሚያህል ሆድ ቀልበን የምናገኘው ምንድን ነው?» ትለዋለች።

የዘንድሮው ፋሲካ ለእንዳላማው ከባድ ነበር። ልጁ ዘመነ በጥር አግብቶ ሙሽራይቱን እዚሁ አባቱ ቤት አስገብቷል፤ የሙሽራይቱ አባት አቶ አካለ ወልድ ለመጀመሪያ ጊዜ ከደብረ ኤልያስ መጥተው እሱ ቤት ሊፈስኩ ነው። አማቹ ፊት በግ ሳይጥል የዋለ ሰው ከዚያ ወዲያ በምን ፊቱ ይታያል? እንዳላማው ጾሙን በሙሉ አንድ ሙክት ሲቀልብ ከረመ። መምህሩ «የሚታረደውን ቀደም ብለህ ለይ» ብሎት ነበር። እሱ ግን ከመከታ የተሻለ ማን ይጠብቅልኛል ብሎ ሙክቱን እዚያው መንጋው ውስጥ ተወው።

የፋሲካ ዕለት ጠዋት ገመድ ይዞ ጋጣ ገባ። መከታ ብድግ አለና በእሱና በሙክቱ መሐል ቆመ። ሰውየው በግራ ሲሄድ በግራ፣ በቀኝ ሲሄድ በቀኝ። አይነክስም፣ አያጉረመርምም፤ ዝም ብሎ ይቆማል።

«ያሳደግኩህ እኔ አይደለሁም እንዴ?» ይለዋል እንዳላማው፤ አንዴ ይለማመጠዋል፣ አንዴ ይቆጣዋል። እኔ አጥሩ ላይ ተደግፌ ሆዴን ይዤ እስቃለሁ።

በዚህ መሐል አቶ አካለ ወልድ ደረሱ። «ፈቀቅ ይበሉ፣ እስቲ እኔ ልሞክረው» ብለው ነጭ ጋቢያቸውን አጣፉና ገቡ። ገና የሙክቱን ቀንድ ሲይዙ መከታ ደረቱን ጭናቸው ላይ አስደግፎ ቀስ እያለ ገፋቸው። ገፋቸው፣ ገፋቸው፤ በመጨረሻ እኒያ የተከበሩ ሰው ከነጋቢያቸው ጭድ ላይ ቁጭ አሉ። ውሻው ፊታቸው ላይ አንዴ ተነፈሰባቸውና ወደ በጎቹ ተመለሰ።

ሳቄ ቀጥ አለ። የእንዳላማው ፊት አመድ መሰለ። ሮጦ አነሳቸው፣ ጭዱን አራገፈላቸው፤ ሙክቱን ግን ከዚያ በኋላ የነካው ሰው የለም። አንጀቴን በላኝ። ቤቴ ሄጄ ከቅርጫው የደረሰኝን ሥጋ ይዤ መጣሁ፤ ሽታዬም የዶሮ ወጡን አቀረበች፤ ተበላ፣ ተጠጣ። እንዳላማው ብቻ እህል አልወረደለትም።

እንግዳው ሊሰናበቱ ሲነሱ ፊታቸው ቆሞ «ይቅር ይበሉኝ፣ በዓመት በዓል አዋረድኩዎ» አላቸው።

«ኧረ ተዉ፣ አቶ እንዳላማው» አሉ። «ልጄን ከዳርኩ ወዲህ በሰው ቤት እንዴት ሆና ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። ይህ ቤት የእኔ ያለውን እንደማያስነካ ዛሬ በዓይኔ አየሁ። ከእንግዲህ እተኛለሁ።»

እንዳላማው አቀፋቸውና አለቀሰ።