የሲጋራው አፎሻ

ዛሬ ጠዋት ከሚኤሶ የድምፅ መልእክት ደረሰኝ። መጀመሪያ የተሰማኝ የከባድ መኪና ጥሩምባ ነው፤ ቀጥሎ ሳል፤ ቀጥሎ ሳቅ። ሳቋን የትም ብሰማው አውቀዋለሁ።

«አንቺ ልጅ፣ ሰማሽ? አፎሻው ተቋቋመ! እዚሁ ሻይ ቤቴ ውስጥ። ሹፌሮች ተቀምጠዋል፣ ሁለት ሴቶችም መጥተዋል። ሲጋራውን ከመደርደሪያዬ አውርጄ ጨረስኩ፤ በቦታው የማሽላ ቆሎ አስቀመጥኩ። አሁን የቀረን ጥሪ ነው። ጥሪውን አንቺ ጻፊልን፤ አንቺ ታውቂበታለሽ።»

ብድግ ብዬ ግቢውን ዞርኩት። እናቴ «ምን ሆነሽ ነው? ውጤት መጣ እንዴ?» አለችኝ። «ከውጤት ይበልጣል» አልኳት። እውነቴን ነው። እንዲህ ደስ ካለኝ ቆይቷል።

ጥሪውን ለመጻፍ ስቀመጥ ግን እጄ ሌላ ቦታ ሄደ። የሄደበትን ሳልጽፍ ጥሪው አይገባችሁም።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። አንዱ መምህራችን ከታሰረ በኋላ እኔና ጓደኞቼ ፌስቡክ ላይ «መምህራችን የት ነው?» ብለን ለጠፍን። ሌላ ምንም አላልንም። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስወጣ ሁለት ሰዎች መሃላቸው አድርገው ባጃጅ ውስጥ አስገቡኝ። አንደኛው ቦርሳዬን ይዞልኝ ነበር። ባለባጃጁ በመስታወቱ አየኝና ሬዲዮውን ዘጋው። 

ያሰሩብኝ ክፍል እዚሁ ጭሮ ውስጥ ናት። በሩ የብረት ላሜራ ነው፤ መሃሉ ላይ እጅ የምታሳልፍ ቀዳዳ አለችው። ስገባ ዓይኔ እስኪለምድ ቆምኩ። የላብ፣ የሳሙናና የእርጥብ ሲሚንቶ ሽታ ነበር። ምንጣፍ ላይ ሴቶች ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። መሃላቸው አንዲት ሴት ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳ፣ ጉልበቷን አቅፋ ትንቀጠቀጣለች። አንዲት አሮጊት ጀርባዋ ላይ እጃቸውን አድርገዋል። ማንም አይናገርም።

ያንን አቀማመጥ አውቀዋለሁ። እኛ አገር እንደዚያ የሚቀመጠው ሰው ሲሞት ነው። ሰው የሞተበትን አፎሻው፣ ሌላ አገር ዕድር የሚሉት፣ ብቻውን አይተወውም። ቤቱ ይመጣል፣ ያበላዋል፣ ያወራዋል፤ እሱ ዝም ሲል አብሮት ዝም ይላል። ስለዚህ ጫማዬን አወለቅኩ፣ ዳር ላይ ቁጭ አልኩ፣ አንገቴን ደፋሁና፦

«አላህ ሰብሩን ይስጣችሁ» አልኩ።

ተያዩ። ከዚያ መሃል ላይ ያለችው ሴት ሻሿን ከፍ አድርጋ አየችኝና በሳቅ ፈነዳች። ሁሉም ተከተሏት።

«ማን ሞቶ ነው ልጄ?» አሉኝ አሮጊቷ፣ እንባቸውን እየጠረጉ።

«እኔ ምን አውቃለሁ? ስትቀመጡ አይቼ ነው።»

«የሞተውስ ሲጋራ ነው! ሲጋራዋ ሞቶባት ነው!» አለች አንዷ።

ጥግ ላይ ያለችው ልብስ ሰፊ አማተበች። «እኔ ከክርስቲያን ቤት ነው የመጣሁት፣ ተዝካር አውቃለሁ። የሲጋራ ተዝካር ግን ይኸው ዛሬ አየሁ።»

ሳቁ ሲያልቅ አሮጊቷ ትክ ብለው አዩኝ። «ልጅቷ ግን አልተሳሳተችም» አሉ። «እኛ እስካሁን ስንቆጣት፣ ስንመክራት ነው የከረምነው። ኀዘንተኛ ይቆጧታል? አፎሻ ነው የሚያስፈልጋት።» ከዚያ ምንጣፉን መታ መታ አደረጉልኝ። «ኮቱ፣ ታኢ። ነይ፣ ጠጋ ብለሽ ተቀመጪ።»

የመጀመሪያው አፎሻ የተቋቋመው እንደዚያ ነው፤ በእኔ ስህተት።

ስም አልጽፍም። እዚያም በአገራችን ነበር የምንጠራራው። አሮጊቷ የገለምሶ ጫት ነጋዴ ናቸው፤ የክፍሏ ካቦ፣ ማለትም አለቃችን እሳቸው ነበሩ። ሁላችንም «አዮ» እንላቸዋለን፤ በኦሮምኛ እናቴ እንደማለት ነው። የምትንቀጠቀጠዋ የሚኤሶዋ ናት፤ መንገድ ዳር ሻይ ቤት አላት። በዕድሜ እናቴን ስለምታህል አክስቴ ለማለት «አዳዳ» አልኳት።

«ሹፌር በማንኛውም ሰዓት ይመጣል፣ ሻይ ይላል» አለችኝ በማግሥቱ። «እንቅልፍ እንዳይጥለኝ አንዷን ሳብኩ። አንዷ ሌላዋን ጠራች። ይኸው ጠጉሬ ሸበተ።»

«እዚህ ታዲያ ከየት ታገኛለሽ፣ አዳዳ?»

ወደ በሩ አየች። «ለእኔ እዚህ ግቢ ሲጋራ ያለው አንድ ቦታ ነው። መርማሪው ጠረጴዛ ላይ። ወንድሜን ይፈልጉታል፤ የመኪና ረዳት ነው። ምን እንዳደረገ አልነገሩኝም። እሱን ሲያጡት እኔን አመጡኝ። ሰውየው አይመታኝም፣ አይሰድበኝም። ፓኮውን አውጥቶ ያስቀምጥና ያጨሳል። ባለፈው አንዷን ለኮሰልኝ። ጭሱ ሲገባ አጥንቴ ሁሉ ላላ፤ ወንድሜ ያለበት ቤት ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ። ዋጥኩት። ሁለተኛ ቢጨምርልኝ ኖሮ ግን...»

ሻሿን መልሳ ቅንድቧ ላይ አወረደችው። 

ሰዎች ስለ እስር ሲጠይቁኝ ስለ ፍርሃቱ ነው የሚጠይቁኝ። በእኔ ላይ የቀረው ግን ድካሙ ነው። ቁጭ ብሎ መዋል እንደዚያ ያደክማል ብዬ አስቤ አላውቅም። ከምሳ በኋላ ቆርቆሮው ይግላል፣ ዝንቦቹ እንኳ ግድግዳ ላይ ይለጠፋሉ። ውጭ የበርጫ ሰዓት ነው፤ ከተማው ጫቱን ይዞ ጋደም ይላል፤ ከጥበቃዎቹ ክፍል የሲጋራ ጭስ በበሩ ቀዳዳ ይገባል። የሚኤሶዋ የምትሰቃየው ያኔ ነው። ጣቶቿ የሌለ ነገር ያሽከረክራሉ። ታስላለች፣ ያልባታል፣ ያለ ምክንያት ትቆጣለች። አንድ ቀን ልብስ ሰፊዋን ስለተነፈሰች ብቻ ተቆጣቻት።

አፎሻው የሚቀመጠው በዚያ ሰዓት ሆነ። አዮ ዱዓ ያደርጋሉ፣ ልብስ ሰፊዋም አሜን ትላለች። ከቤተሰብ በፌስታል የመጣውን ቆሎ ኀዘንተኛዋ እጅ ላይ ያደርጋሉ፤ እጅና አፍ ሥራ እንዳይፈቱ። «ተይ» የሚባል ቃል ክልክል ነው። «ከአፎሻ የቀረ ይቀጣል!» ሲሉ፣ ልብስ ሰፊዋ «የት ሄደን ልንቀር ነው፣ አዮ?» ትላለች። በየቀኑ ትለዋለች፣ በየቀኑ እንስቃለን።

የእኔ ድርሻ ማውራት ነበር።

«አንቺ ተማሪ ነሽ፣ አውሪ» አሉኝ አዮ።

«ምን ላውራ? ክፍል ውስጥ እንኳ እጄን አውጥቼ አላውቅም።»

«እዚህ እጅ አይወጣም። አፍሽን ክፈቺ።»

ከፈትኩት። መጀመሪያ ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ የሚኤሶዋ ጣቶች ማሽከርከር ሲያቆሙ አየሁ። ያንን ካየሁ በኋላ ማንም ሊያስቆመኝ አልቻለም።

አንድ ከሰዓት የአጎቴን ፍየል እያወራሁ ነበር። አጎቴ ከገለምሶ ገበያ ፍየል ገዝቶ ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ፣ ከጆንያዎቹ መሃል አስጫናት። ጭሮ ሲደርስ ገመዱ አለ፣ ፍየሏ የለችም። ረዳቱ «ወላሂ በእጄ ነው የጫንኳት!» ይላል።

«ረዳቱ ነው የሸጣት!» አለች የሚኤሶዋ።

«የረዳት እህት ሆነሽ ረዳት ታሚያለሽ?» አለቻት ልብስ ሰፊዋ።

ልንስቅ ስንል በሩ ተከፈተ። አንዲት ሴት ጠባቂ ናት። «የሚኤሶዋ! ውጪ፣ ትፈለጊያለሽ።»

መርማሪው ለምን በዚያ ሰዓት እንደጠራት ለሁላችንም ገባን። ተነሣች፣ ሻሿን አስተካከለች። በሩ ላይ ዞር ብላ «ፍየሏን ያዢልኝ» አለችኝ። «እኔ ሳልኖር እንዳትጨርሺው።»

ጠበቅን። አዮ የሙስበሃቸውን ዶቃ ይቆጥራሉ፤ ልብስ ሰፊዋ የነጠላዋን ጫፍ ፈትታ መልሳ ትቋጫለች። ምንጣፉ ላይ የእሷ ቦታ ክፍት ነበር። ክፍሏ ጠባብ ናት፣ እግራችን ደንዝዟል፤ ግን ማንም ወደዚያ ቦታ እግሩን አልዘረጋም። የከሰዓቱ የዐስር አዛን ካለቀ በኋላ መጣች።

ሳናስበው ሁላችንም አሸተትናት። ሻሿ የሲጋራ ጭስ ይሸታል። ልብስ ሰፊዋ አቀረቀረች።

«የእሱ ጭስ ነው» አለች የሚኤሶዋ፣ ቀስ ብላ እየተቀመጠች። «ፊቴ ላይ ነው የሚተነፍሰው። ሲሰጠኝ ኀዘን ላይ ነኝ አልኩት። ማን ሞተብሽ አለኝ። አልነገርኩትም።»

«ስለ ወንድምሽስ?» አሉ አዮ።

«ስለሱም አልነገርኩትም።»

እጆቿን ከጭኗ ሥር ሸሽጋ ነበር። አሁን አለቀ ብለን ትንፋሽ ሳንመልስ፣ በበሩ ቀዳዳ የጠባቂዋ እጅ ገባና አንድ ሲጋራ ከክብሪት ጋር ሲሚንቶው ላይ አስቀመጠ።

«ልኮልሽ ነው» አለች ከውጭ። «ሐሳብሽን ስትቀይሪ ጥሪኝ ብሏል።»

በዚያ ክፍል እንደዚያ ነጭ የሆነ ነገር አልነበረም። ሁላችንም እሱን ብቻ እናያለን።

«የእጣቢው ባልዲ ውስጥ ልጨምረው» አለች ልብስ ሰፊዋ።

አዮ እጇን ያዟት። «ቆዪ። ኀዘንተኛዋ ትናገር።»

የሚኤሶዋ ብዙ አየችው። ላብ ከግንባሯ አፍንጫዋ ጫፍ ድረስ ወረደ። ከዚያ ጎንበስ ብላ አነሣችው። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስከፍት፣ የያዘውን አቧራ በሻሿ ጫፍ እየጠረገችለት ነበር። ከክብሪቱ ጋር አስተካክላ፣ የጎረቤት ስኒ እንደምትመልስ ሴት በሁለት እጇ ይዛ፣ ወደ ቀዳዳዋ ሄደች።

«ልጄ፣ ውሰጂለት። የሰው ዕቃ አይጣልም፣ አይሰበርም። እንዳለ መልሽለት።»

ጠባቂዋ ከውጭ «ምን ልበለው?» አለች።

«አፎሻዬ አብልቶኛል፣ ጠግቤያለሁ በይልኝ።»

እጅ ገብቶ ሲጋራውን ወሰደ። የጫማ ድምፅ ራቀ። የሚኤሶዋ እዚያው በሩ ሥር ቁጭ አለች፣ መንቀጥቀጡም መላ ሰውነቷን ያዛት። ምንጣፉን እየጎተትን ወደ እሷ ሄድን፤ ክቡን በሩ ሥር ሠራን። ጥርሷ እየተንገጫገጨ፦

«ከዚያስ?» አለችኝ። «ፍየሏስ?»

ነገርኳት። መንገድ ላይ በዴሳ ከተማ ሲቆሙ አንዲት ሴት ጆንያዋን ስታስወርድ ፍየሏም አብራ ወርዳለች። ሴትዮዋ የማን እንደሆነች አታውቅም። አሥራ፣ አብልታ፣ ያ ሚኒባስ እስኪመለስ ጠብቃ፣ በዚያው ረዳት እጅ ላከቻት። ፍየሏ ከሄደችበት ወፍራ መጣች።

የሚኤሶዋ ሳቀች። ሳቁ ሳል ሆነ፣ ሳሉ ሌላ ነገር ሆነ፤ የትኛው እንደሆነ አልጠየቅናትም። ትንሽ ቆይታ ፊቷን ጠረገችና «አንቺ ልጅ ታውቂበታለሽ» አለችኝ።

እኔ ቀድሜ ወጣሁ። ለምን እንደገባሁ እንዳልነገሩኝ ሁሉ ለምን እንደወጣሁም አልነገሩኝም። መምህራችንም ፈተናው ሳይደርስ ተመለሰ፤ ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ አልፎ አልፎ ይቆምና ጠመኔውን ያየው ነበር፤ እኛም ዝም ብለን እንጠብቀው ነበር። እኔም ሳልሠራ ይደክመኛል። ከምሳ በኋላ በተለይ።

የሚኤሶዋ የወጣች ቀን አንድ ሹፌር እንኳን ደስ አለሽ ብሎ ሲጋራ ለኮሰላት። ግማሹን አጨሰች። ደውላ ነገረችኝ፣ እያፈረች። «አብሽሪ፣ አዳዳ» አልኳት። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ቆሎ ዘገንኩ፤ እሷም እዚያ ዘገነች። አንዷ የሌላዋ ጥርስ ሲቆረጥም እየሰማች ተቀመጥን። ከዚያ ወዲህ አልነካችም። ስለ ወንድሟ አልጠይቃትም፤ እሷም አታነሣውም።

አሁን ጥሪውን ልጻፍ።

በየሐሙሱ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ሚኤሶ ውስጥ መኪኖቹ ከሚቆሙበት መንገድ ዳር ባለች ሻይ ቤት አፎሻ ይቀመጣል። የቱ ሻይ ቤት ነው ካላችሁ፣ መደርደሪያው ላይ ሲጋራ የሌለበት አንዱ ብቻ ነው። ለመምጣት አቁማችሁ መጨረስ የለባችሁም። ኪሳችሁ ውስጥ ካለ ይዛችሁት ኑ፤ ማንም አይነጥቃችሁም፣ ማንም አይቆጣችሁም። ትታችሁ የተመለሳችሁበትም ኑ። ሩቅ ያላችሁ፣ ያላችሁበት ቦታ አንድ የሚንቀጠቀጥ ሰው አይጠፋም፤ ቆሎ ያዙና አጠገቡ ቁጭ በሉ። ወሬ ካጣችሁ የአጎቴን ፍየል ውሰዱ።

ኮታ፣ ታኣ። ኑ፣ ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ።