ለጉርጡ የሠራነው ቤት

አዲስ ሸክላ ውሃ ሲነካው የሚያወጣውን ሽታ ታውቂዋለሽ። ዝናብ የነካው አቧራ ይመስላል፤ ግን ከዚያ ይወፍራል፣ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። በቀደም እዚህ ምዕራብ ዓባያ የተከራየሁበት ቤት ባለቤት አዲስ እንስራ ገዝታ ውሃ ስትሞላበት፣ እኔ በረንዳው ላይ ልብስ አጣጥፍ ነበር። ሽታው ሲደርሰኝ እጄ ቀጥ አለ።

“ምነው፣ አመመሽ እንዴ?” አለችኝ።

“አይ፣ ደህና ነኝ” አልኳት። ደህና አልነበርኩም። በላይኛው ከተማ፣ ሴቻ፣ የልጅነት ቤታችን ጓሮ ውስጥ ተንበርክኬ ነበር።

ሚሊኒየሙ በተከበረበት ዓመት ነው፣ የበልጉ ዝናብ ሲጀምር። አባቴ ከጎጃም ተዛውሮ መጥቶ ዞን ቢሮ ይሠራ ነበር። የምንኖርበት የመንግሥት ቤት ግቢው ገደል አፋፍ ላይ ነው፤ ከአጥሩ ወዲያ ቁልቁል ጫካው፣ ከጫካው ባሻገር የዓባያ ቀይ ውሃ ይታያል። እኔ ለወላጆቼ ብቸኛ ልጅ ነበርኩ። ከእኔ በኋላ እናቴ የፀነሰቻቸው አልበረከቱላትም። ያን ዓመት ደግሞ አርግዛ ነበርና ቤቱ ሁሉ በሹክሹክታ ነበር የሚኖረው። በር አይወረወርም፣ ራዲዮ አይጮህም፣ እኔም ግቢ ውስጥ አልሮጥም።

ጓደኛዬ ሠራተኛችን ነበረች። ከካምባ የመጣች፣ ገና ሃያ ዓመት ያልሞላት ልጅ ናት። አማርኛ የለመደችው እኛ ቤት ስለነበር ሴትና ወንዱን አትለይም፤ “ና፣ ብላ፣ እግርህን ታጠብ” ነው የምትለኝ። አባቴ ይስቃል፣ እናቴ ታርማታለች፤ እኔ ግን ደስ ይለኝ ነበር። በሌላ ሰው አፍ እንደዚያ ተጠርቼ አላውቅም።

ጉርጡን ያገኘነው ከቧንቧው ሥር፣ የልብስ እጣቢ ከሚጠራቀምበት ነው። እኔ መጀመሪያ ድንጋይ መስሎኝ ልረግጠው ነበር። ሲንቀሳቀስ ጮህኩ። እሷ ጎንበስ ብላ በመዳፏ አነሳችው።

“አትፍራ። ይሄ ሰው አይነካም።”

“ሽንቱ ዓይን ያጠፋል ይላሉ።”

“እኛ አገር እንሰት ሥር ይኖራል። ትል ይበላል። ማንም አይነካውም።”

አየሁት። ጀርባው እንደ ሽማግሌ እጅ የተሸበሸበ፣ ዓይኑ ዙሪያውን ወርቅ የተቀባ። ጉሮሮው ቶሎ ቶሎ ይመታል። የእኛ እንዲሆን ለመንኳት። “ቤት ከሠራህለት ይቀመጣል፤ ካልሠራህለት ይሄዳል” አለችኝ።

ስለዚህ ቤት ሠራንለት። አንገቱ የተሰበረ እንስራ ከጓሮ ተጥሎ ነበር። ከሙዙ ተክል ሥር እሷ በመቆፈሪያ ጎድጓዳ አበጀችለትና እንስራውን በጎኑ አስተኝተን ግማሹን በአፈር ቀበርነው፣ ፀሐይ እንዳያገኘው። ሸክላው ደርቆ ስለነበር ውሃ አፈሰስንበት፤ ያን ጊዜ ነው ያ ሽታ የመጣው። ውስጡን እርጥብ አፈርና የበሰበሰ የሙዝ ቅጠል አነጠፍንለት። የሰርዲን ቆርቆሮ ጠርዙን በድንጋይ ቀጥቅጣ ደፍጥጣ ገንዳ አደረገችለት። በበሩ ላይ ጉርጡ ብቻ የሚያልፍበት ክፍተት ትተን ድንጋይ አቆምን። እኔ የኖራ ድንጋይ ለቅሜ ከደጁ መንገድ ሠራሁለት። “ለመኪናው ነው?” ብላ ሳቀችብኝ።

ስሙን ሽማግሌው አልነው። ቀን ቀን ተኝቶ ይውላል። ሊመሽ ሲል እሷ ከአጥሩ እንጨት ሥር ምስጥ ፈልፍላ በመዳፏ ይዛ ትመጣለች፤ ከድንጋዩ ኋላ መጀመሪያ ዓይኖቹ፣ ቀጥሎ እሱ ይወጣል። ምላሱን አታዪውም፤ ምስጡ ብቻ ይጠፋል። እየቆየ እጇን አወቀ። ምስጥ ባትይዝም መዳፏን መሬት ላይ ስታደርግ ይወጣ ነበር። ለእናቴ አልነገርናትም፤ እርጉዝ ናት፣ እንዲህ ያለ ነገር ስታይ ያስመልሳታል።

ከዚያ አንድ ጠዋት እናቴን ሆስፒታል ወሰዷት። ስትመለስ ሆዷ የለም፣ ሕፃንም የለም። መቀነቷን አጥብቃ ታጥቃ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። እኔ አጠገቧ ስሄድ ፀጉሬን ነካ ታደርግና እጇን ትመልሳለች።

ልትጠይቃት በየቀኑ የምትመጣ ጎረቤት ነበረችን፤ የአባቴ የሥራ ባልደረባ ሚስት፣ የእናቴ አገር ልጅ። አጥሚቱን የምታጠጣት፣ እንባዋን የምትጠርግላት እሷ ናት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የእግር እጣቢ ልትደፋ ወደ ጓሮ ዞረች፤ ብዙም ሳትቆይ ድምፅዋን ሰማን።

“ነይ ውጪ። ነይ ጉድሽን እዪ።”

እናቴ ግድግዳውን ይዛ ወጣች። ሴትዮዋ ድንጋዩን በእግሯ ገልብጣው ነበር። ሽማግሌው ከእንስራው ውስጥ ብርሃኑን እያየ ቁጭ ብሏል።

“በደጅሽ ጉርጥ በገንቦ ተቀብሮብሽ፣ ልጅ እንዴት ይበርክትልሽ?” አለች፣ ቀስ ብላ፣ በሐዘኔታ። ከዚያ ሠራተኛችንን ጠራቻት። ዕቃ እያጠበች ነበርና እጇ አረፋ ነው። “ይሄን ማን ቀበረው?”

“እኔ ቆፈርኩ” አለች።

“ለምን?”

ወደ እኔ አየች። “የኔ ነው” አልኩ። “እኔ ነኝ ቤት እንሥራለት ያልኳት። ሽማግሌው ነው ስሙ።” መንገዱን አሳየኋቸው፣ ገንዳውን አሳየኋቸው። የማውቀውን ሁሉ ነገርኳቸው።

“ይኸው፣ ልጅቷንም አስተምራታለች” አለች ሴትዮዋ። እናቴ እኔን አላየችኝም። የምታየው የሠራተኛችንን እጅ ነበር።

ሴትዮዋ ወጥ ቤት ገብታ የጨው ጣሳውን ይዛ መጣች። “የመተት ካልሆነ ግደዪው። ጨው አድርጊበት። መተተኛ በመተቱ ላይ እጁን አያነሳም።”

ሠራተኛችን ጨው ዘግና ተንበረከከች። እጇን ወደ መሬት ስታወርድ ሽማግሌው ወጣ። ምስጥ መስሎታል። እየተጎተተ መጥቶ ከመዳፏ ፊት ቁጭ አለና ጠበቀ።

“ወደ ቤት ግባ” አለችኝ። አልገባሁም፤ ቀሚሷን ያዝኩ። አለቅስ ነበር። አንዴ እኔን፣ አንዴ እሱን አየች። ከዚያ ተነሥታ ጨውን ጣሳው ውስጥ መልሳ አፈሰሰች።

“አልችልም” አለች።

ሴትዮዋ እናቴን ቀና ብላ አየቻት።

እናቴ ከተኛች ጀምሮ ያን ያህል ፈጥና ስትራመድ አላየኋትም። ከምድጃው ላይ የሚፍለቀለቀውን ማንቆርቆሪያ ይዛ መጣችና አፈሰሰችበት። እኔ ጉርጥ ሲቃጠል ድምፅ የለውም ብዬ ነበር የማስበው። አለው። ማንቆርቆሪያው ባዶ እስኪሆን አላቆመችም። ለቅሶዬ ሲበዛ በሌላ እጇ በጥፊ መታችኝ፤ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

“ዕቃሽን ያዢና ውጪልኝ” አለቻት።

ሠራተኛችን መጀመሪያ የጀመረችውን ዕቃ አጥባ ጨረሰች። ድስቶቹን አንድ በአንድ ደፋቻቸው። ከዚያ ልብሷን በፌስታል ይዛ ወጣች። ጎረቤታችን ቀድማ በር ላይ ቆማ ለሚያልፈው ሁሉ ስትናገር ስለነበር መንደሩ ወጥቶ ይጠብቅ ነበር። አብረውኝ የሚማሩ ልጆች ጓል አነሱ፤ አንዱ ትከሻዋን መታት። ወደ ታችኛው ከተማ፣ ወደ ሲቀላ የሚወርደው ሚኒባስ ቆመ፤ ረዳቱ ከሰዎቹ አንድ ነገር ሰማና “ሞልቷል” ብሎ በሩን ዘጋ። አልሞላም ነበር። በአስፋልቱ ዳር ቁልቁለቱን በእግሯ ስትወርድ፣ ኩርባው እስኪጋርዳት ከበሩ ላይ አየኋት። ዞር ብላ አላየችም።

አባቴ ማታ ሲመጣ የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። “የመሃይም ወሬ ነው ይሄ” አለ ለእናቴ፣ ድምፁን ሳያነሳ። ለእኔ ደግሞ “ነገ መናኸሪያ ወርጄ አፈላልጋታለሁ” አለኝ። በማግስቱ ስብሰባ ነበረበት። ከዚያ ሌላ ሠራተኛ መጣች፤ ሴትና ወንድ ትለያለች።

እናቴ ከዚያ በኋላም አልወለደችም።

ካደግሁ በኋላ፣ የመምህርነት ሥራ ይዤ ወደዚህ ልመጣ ሻንጣዬን አብረን ስናዘጋጅ ጠየቅኋት። “ያኔ የነገርኩሽን አምነሽኝ ነበር?”

ሸሚዙን አጣጥፋ ጨረሰች። “አምኜሻለሁ” አለችኝ። “የሠራሽውን መንገድ አይቼው የለም? መተት የሚሠራ ሰው ለጉርጥ መንገድ አይሠራም። ግን ጥፋቱ የኔ ማኅፀን ነው ከማለት፣ የእሷ እጅ ነው ማለት ቀለለኝ።” ከዚያ ሌላውን ሸሚዝ አነሳች። እኔም ካልሲዎቼን ጥንድ ጥንድ እያደረግሁ ሻንጣው ጥግ ላይ ጠቀጠቅኳቸው።

ካምባ የሄድኩት ፈተና ልቆጣጠር ነው፤ ከሌላ ወረዳ መምህራን ይላካሉ። የገበያ ቀን ነበር። ጭጋጉ ገና አልተነሳም፤ ገበያው እርጥብ ሱፍና ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። ነጭ ሽንኩርት ከሚሸጡት ሴቶች መካከል ያቺን ሠራተኛችንን ቁጭ ብላ አየኋት። ወፍራለች፣ የፊት ጥርሷ ወልቋል፤ ከጎኗ ያኔ እኔን የምታክል ልጅ ቁጭ ብላ ትልጣለች። ተጎነበስኩ። እኛ ቤት ሴቻ ትሠራ እንደነበር፣ እኔ ማን እንደሆንኩ ነገርኳት።

አጠገቧ ያሉት ሴቶች ሥራቸውን አቁመው ሰሙ። ፊቷ አልተለወጠም።

“ተሳስተሃል” አለችኝ። “እኔ ሴቻ ሠርቼ አላውቅም።”

ሴቶቹንና ልጅቷን አየሁ። “ይቅርታ፣ ሌላ ሰው መስለሽኝ ነው” አልኩና ሽንኩርት እንድትሰጠኝ ጠየቅኋት። ሴቶቹ ወደ ወሬያቸው ተመለሱ። እሷ መስፈሪያውን ሞልታ ፌስታል ውስጥ ስትገለብጥልኝ አንገቷን ደፍታ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ጠየቀችኝ።

“እናትህስ፣ ከዚያ በኋላ ወለደች?”

“አልወለደችም።”

እጇ ፌስታሉ ላይ ትንሽ ቆየ።

“እኔን” አለች። ከዚያ ፌስታሉን ቋጥራ ሰጠችኝና ከኋላዬ ወደቆመው ገዢ ዞረች።